ቀኝና ግራ የማያውቀው ስልክ

በእኛ ቤት ሽማግሌ የተላከው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ እህቴን ለመጠየቅ፣ አንዴ ደግሞ የአባታችንን የመኪና ቁልፍ ለመጠየቅ። እህቴን ሰጠ፤ ቁልፉን ግን ከለከለ። ይህን ነገር የምታወራው እህቴ ራሷ ናት፣ ስታወራውም አትስቅም።

አባቴ የሚኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ እኛን ባሳደገበት ቤት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ዶሮ እንኳን እንዳልገጨ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለሁሉም ሰው ይናገራል። ጡረታ ሲወጣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ቮልስ ገዛ። ሰማያዊ ናት ይላል። እኔ ቀለሟ ይህ ነው ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ሲያሻሻት ሳየው ግን፣ እኛን ልጆቹን አንድ ቀን እንኳን እንደዚያ አጥቦን እንደማያውቅ ትዝ ይለኝና ትንሽ ቅር ይለኛል።

ችግሩ ዓይኑ ነው። ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ እሱ ግን የሚያምነው አምፖሎች መድከማቸውን ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ጎረቤት በር ላይ የተደገፈውን የከሰል ጆንያ "እንደምን አደሩ" ብሎ አለፈ። ጆንያው ዝም ሲለው "ሰው ዘንድሮ ተለወጠ" ብሎ ሳምንት ሙሉ ተቀየመ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስንለው ዓይኑን ቢላ እንደማይነካው ይነግረንና ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋል።

መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስ የዓይን ምርመራውን እንዴት እንዳለፈ ለብዙ ጊዜ ግራ ገብቶን ነበር። በኋላ ራሱ በኩራት ነገረን። ወረፋው ላይ ከፊቱ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ዘጠኙም ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡ። አባቴ በልጅነቱ ዳዊት በቃሉ የደገመ ሰው ነው፣ ለአምስት መስመር ፊደል የሚቸገር አይደለም። እንዲያውም መርማሪው ገና ዱላውን ወደ ሰንጠረዡ ሳያነሳ መመለስ ጀምሮ ነበር።

ይህ ሁሉ ቤቱ ውስጥ ቢቀር እኛም ዝም ባልን። ግን ወር በገባ በአሥራ ስድስት፣ ዝናብ ይዝነብ ፀሐይ ይውጣ፣ ሦስት የሠፈር እናቶችን ጭኖ ጠመዝማዛውን መንገድ ይዞ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ይወጣል። ከኋላ ሦስቱ ይቀመጣሉ፤ ከፊት፣ ከእሱ ጎን፣ የጠበል ጀሪካን ይቀመጣል። አቀማመጣቸው ሕግ አለው። በቀኝ መስኮት በኩል ነጋ ጠባ ኪዳነ ምሕረትን የሚጠሩት ቀጭኗ፣ በግራ መስኮት በኩል የሚካኤል ማኅበርተኛዋ፣ መሃል ላይ ደግሞ የጊዮርጊስ ወዳጅ የሆኑት ወፍራሟ። አንድ ወር ቀጭኗ ተሳስተው በግራ በኩል ቢገቡ አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ሦስቱንም አስወርዶ እንደገና አስገባቸው። እናቶቹ ይህን ሲያወሩ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው እንደ እሱ አላየንም ይላሉ።

ስለ መንገዱም የሚሉት አላቸው። በአባታችሁ መኪና የምንጸልየውን ያህል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳን አንጸልይም፣ እሱ ሲነዳ ጸሎት በራሱ ይመጣል ይላሉ። እኔ ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ እህቴን ደግሞ ላብ ላብ አላት። ከዚያ በኅዳር ቮልሷ በግራ ጎኗ ከፊት መብራት እስከ ኋላ ጎማ ተፍቃ ተገኘች። አባቴ ሲጠየቅ የተዘጋጀ መልስ ነበረው፤ እንጨት የጫነች አህያ ናት አለ። አህያዋ ምን ያህል ረጅም ብትሆን እንደዚያ እንደምትፍቅ ብጠይቀው፣ የእንጦጦ አህያ አታውቅም እንዴ ብሎ ገሠጸኝ።

የካቲት እየተቃረበ ነበር። የካቲት አሥራ ስድስት የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው። ያን ቀን መንገዱን ሰው ግጥም አድርጎ ይሞላዋል፤ ነጭ የለበሰ ሕዝብ በሁለቱም ጠርዝ እየወጣ፣ አባታችን ደግሞ መሃል ለመሃል። እህቴ ሲ.ኤም.ሲ ከሚገኘው ቤቷ በቀን ሦስት ጊዜ ትደውልልኛለች። እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ እሰማታለሁ። በዓሉ ሳይደርስ ቁልፉ ከእጁ ካልወጣ ራሷ መንገዱ ላይ እንደምትተኛ ነገረችኝ። አባባ አንቺም ብትተኚ አያይሽም ማለት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ሽማግሌ እንላክ ያለችው እሷ ናት። የተላኩት የእድሩ ዳኛና እኔን አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ጡረተኛው መምህር ናቸው። ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጃገረድ እንደሚጠይቅ ሰው ተረጋግተው ሄዱ። አባቴ በደንብ ተቀበላቸው። ስለ ድሮ መኪናና ስለ ዘንድሮ ሾፌር ሲጫወቱ ቆዩ። ከዚያ መሸብን ብለው ሲነሡ እንዴት በእግራችሁ ትሄዳላችሁ ብሎ በቮልሷ ቤታቸው ድረስ አደረሳቸው። የቁልፉን ነገር አነሣችሁለት ወይ ስንላቸው የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መምህሩ ግን ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ከንፈራቸው ከጸሎት አልላቀቅ እንዳላቸው ነገሩን።

እንግዲህ ተራው የእኔ ሆነ። የምሠራው አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር በማስተካከል ነው፤ ማለትም አብዛኛውን ቀን ሰዎች ያጠፉትን መልሼ እከፍታለሁ። በምሳ ሰዓት የቢሮው ወጣቶች ስብሰባ አዳራሽ ገብተው አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተው በብሮውዘር አንድ ገጽ ይከፍታሉ፤ መንገድ፣ ተራራና ገደል ይመጣል። ጥግ ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አራት ማዕዘን ኮድ አለ። ስልክህን አውጥተህ ኮዱን በካሜራ ስታነሣው ስልክህም ላይ ገጽ ይከፈታል። የሚጫን አፕ የለም፣ ገመድ የለም። ሁሉም አንድ ዋይፋይ ላይ እስከሆነ ድረስ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስልክህ መሪ ነው። ስታጋድለው መኪናህ ይታጠፋል፣ አረንጓዴውን ስትነካ ነዳጅ ይሰጣል፣ ቀዩን ስትነካ ፍሬን ይይዛል። የመንገዱን ጠርዝ ከረገጥክ ስልኩ እጅህ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ካልሰማኸው ትገባለህ ገደል።

ሐሳቤ ቀላልና ትንሽ ክፉ ነበር። አባባን እዚህ ጨዋታ ላይ አስቀምጠን በሽማግሌ ፊት ገደል እናስገባዋለን። በዓይኑ ያላመነውን በውርደት ያምናል። እህቴ አርባ ዓመት ሊሞላህ ነው እኮ አለችኝ፤ ከዚያ ትንሽ አሰበችና የእሷ ቴሌቪዥን ትልቅ መሆኑን አስታወሰችኝ።

አባቴ ነገሩ ሲነገረው ያለ ብዙ ክርክር ተቀበለ። ሠላሳ ዓመት በነዳበት እጁ በስልክ የሚያሸንፈው የለም። ውሉ በሽማግሌዎቹ በኩል ተነገረ፤ ሦስት ዙር ይነዳል፣ አንድ ጊዜ ገደል ከገባ ቁልፉን ለልጆቹ ያስረክባል፣ ካልገባ ደግሞ ይህ ወሬ በቤታችን ዳግመኛ አይነሣም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከፈረንሳይ እስከ ሲ.ኤም.ሲ በሚኒባስ አመጣሁት። መንገዱን ሙሉ ለሾፌሩ ማርሽ አቀያየር ሲያስተምር መጣ። መገናኛ ላይ ረዳቱ ሌላ መኪና እንድንይዝ በትሕትና ለመነኝ።

የእህቴ ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹ ቀድመው ተቀምጠው ነበር። ኮምፒውተሬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁ፤ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ሳህን ውስጥ ተቀመጠ። መጀመሪያ ለአባቴ የእህቴን ታብሌት ሰጠሁት፤ ሰፊ ስለሆነ መሪ ይመስላል፣ ለእሱ ይመቻል ብዬ ነው። ለልምምድ ሲነዳ ገና ከመነሣቱ ገደል ገባ። አወጣነው፤ ገባ። አሁንም አወጣነው፤ አሁንም ገባ። እህቴ ሳህኑን በዓይኗ እያየች ፊቷ እንደ ሙሽራ በራ። እኔም ነገሩ እንደዚህ ቀላል መሆኑ ትንሽ አሳዘነኝ።

አባቴ ታብሌቱን ገለበጠ፣ ጀርባውን ዳበሰ፣ ወደ ጆሮው አስጠጋው። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ስልክ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ትንሽ ነዳ፣ ጠርዝ ሲነካ ስልኩ ተንቀጠቀጠ።

"ያኛው ሞቷል" አለ ታብሌቱን ወደ እኔ እየገፋ። "በዚህ ነው የምነዳው።"

ታብሌቱ እንደማይንቀጠቀጥ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ነገር ውስጡ የለም። የሽማግሌ ምርጫ ነው ብዬ አለፍኩት።

አራት ሆነን ጀመርን። እሱ በእኔ ስልክ፣ እኔ በታብሌቱ፣ መምህሩ ልጆቻቸው በላኩላቸው ስልክ፣ የእድሩ ዳኛ ደግሞ ስልካቸው ካሜራ የሌላት፣ ባለ ባትሪ መብራቷ ትንሿ ስልክ ስለሆነች በእህቴ ስልክ። ዳኛ ናቸውና አይጫወቱም ብዬ ነበር፤ ግን መምህሩ ሲይዙ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ አልቻሉም። ቴሌቪዥኑ ለአራት ተከፈለ፣ ለየመኪናችን አንድ አንድ ሩብ ደረሰን።

እኔ ለማሳየት ብዬ ነው መሰለኝ እንደ እብድ ነዳሁ። አንደኛው ኩርባ ላይ ገባሁ። ወጣሁ፣ ሁለተኛው ላይ ገባሁ። የእድሩ ዳኛ የራሳቸውን መኪና ትተው የእኔን መቁጠር ጀመሩ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይሉኛል በየገደሉ። ሦስተኛውን ዙር ስጨርስ አንደኛ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሞቼ።

ሽማግሌዎቹ ግን የትም አልደረሱም። ከመጀመሪያው ኩርባ በኋላ አንድ መኪና ብቻ የምታሳልፍ ጠባብ ድልድይ አለች። ሁለቱ እዚያ እኩል ደረሱ። መምህሩ ጥግ ይዘው ቆሙና ይቅደሙ አሉ። የእድሩ ዳኛም በሌላው ጥግ ቆሙ፤ መምህር እያለ እንዴት ይቀድማሉ። እርስዎ ታላቅ ነዎት፣ እርስዎ አስተማሪ ነዎት፣ በሞቴ፣ ኧረ በፍጹም ሲባባሉ ሦስቱ ዙር አለቀ። ከሶፋው ላይ ብድግ እያሉ እጅ ሁሉ ይነሣሱ ነበር። ጨዋታውን የሠራው ሰው ይህን ቢያይ ድልድዩን ሰፋ አድርጎ ይሠራው ነበር።

በዚህ መሃል የአባቴ መኪና ቀስ ብላ መጣች። በሁለቱ መኪኖች መካከል፣ ድልድዩ ላይ፣ ቀጥ ብላ አለፈች። መምህሩ ቅር አላቸው። ሰላም እንኳን ሳይለን አለፈ አሉ፤ የእድሩ ዳኛም ነገሩን እንደታዘቡ ራሳቸውን በመነቅነቅ አረጋገጡ።

አባቴ ራሱን ወደ ደረቱ ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ዜማ እንደሚያዳምጥ ሰው ተቀምጧል። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል። ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ትንሽ ያጋድላል፣ ስልኩ ዝም ይላል። መኪናዋ ጠርዝ ለጠርዝ እንደ ኤሊ ትሄዳለች። አንዱን ዙር ለመጨረስ እኔ አምስት ጊዜ የምሞትበትን ያህል ጊዜ ወሰደበት፤ እሱ ግን አንድም ጊዜ አልገባም። እህቴ መጀመሪያ ቆማ ታይ ነበር፣ በኋላ ተቀመጠች፣ በመጨረሻ ፊቷን በመዳፏ ያዘች። ሦስተኛውን ዙር ሲጨርስ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለና ስልኩን ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

ፍርዱ አጭር ነበር። የእድሩ ዳኛ ተነሥተው ቁልፉን ከሳህኑ አንሥተው በሁለት እጃቸው ለአባቴ አስረከቡት፤ ወሬውም በዚህ እንዲዘጋ አዘዙ። መምህሩ ትኩረቱን አደነቁ፤ እንደዚህ ያለ ተማሪ ኖሯቸው እንደማያውቅ ተናገሩ፣ ይህን ሲሉ ያዩት ወደ እኔ ነው። እህቴ ሽማግሌዎቹን ልትሸኝ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ።  የካቲት አሥራ ስድስት አሥር ቀን ቀርቶት ነበር፣ ሦስቱን እናቶችና መንገድ ሙሉ ሰው ለዚያ ቁልፍ ያስረከብኩት እኔ ነኝ።

ሳሎኑ ውስጥ እኔና እሱ ቀረን። አንድ ዙር ልድገም አለኝ፤ ጣፍጦታል። ከፈትኩለትና እሱ ሲነዳ እኔ ብርጭቆና ጠርሙስ መሰብሰብ ያዝኩ። ከኮምፒውተሩ ኋላ ያለውን ገመድ ላስተካክል ቴሌቪዥኑ ፊት ቆምኩ። መሃል ለመሃል ነው የቆምኩት፤ ትከሻዬ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍነዋል። በእኛ ቤት ቴሌቪዥን ፊት የቆመ ሰው ዞር በል ይባላል፣ ጫማም ይወረወርበታል። እኔን ግን ማንም ምንም አላለኝም። ከጀርባዬ የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል። ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ዝም ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዝም ይላል።

ቀስ ብዬ ዞርኩ። ራሱን ዘንበል እንዳደረገ ነው።

"አባባ" አልኩት፣ "የት ጋ ነው የቆምኩት?"

አውራ ጣቱ ከአረንጓዴው ላይ ተነሣ። ከኋላዬ ሞተሩ ጠፋ። ድምፁን ኮስተር አድርጎ መለሰ።

"በሩ ጋ።"

ከእኔ እስከ እሱ ሁለት እርምጃ ነበር። ብርጭቆዎቹን አስቀመጥኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።  እሱም የመለሰው ስህተት መሆኑን ከአተነፋፈሴ አወቀ መሰለኝ፣ ስልኩን በመዳፉ እያሻሸ ሳልጠይቀው ተናገረ። ሲያጉረመርም ጠርዝ ደርሻለሁ ማለት ነው፤ ወደ አንዱ ጎን እሞክራለሁ፤ ካልተወ ወደ ሌላው እመልሳለሁ፤ ቀስ ካሉ ገደል ሰው አይበላም። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚያየው ቀለም ብቻ እንደሆነ ነገረኝ፤ አረንጓዴና ግራጫ፣ የተደባለቀ።

"እንጦጦስ?" አልኩት።

"እንጦጦ ይሻላል።"

"እንዴት ብሎ ነው የሚሻለው?"

"ይሄ ስልክህ ቀኝና ግራ አያውቅም" አለ። "እነሱ ያውቃሉ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ እያለ አስረዳኝ። ወደ ቀኝ ጠርዝ ሲጠጋ በቀኝ መስኮት ያሉት ቀጭኗ እናት ገደሉን አይተው "ኪዳነ ምሕረት" ይላሉ፤ እሱ መሪውን ወደ ግራ ይመልሳል። ወደ ግራ ሲያበዛ የሚካኤል ማኅበርተኛዋ "ሚካኤል" ይላሉ፤ ወደ ቀኝ ይመልሳል። ከፊት ለፊት መኪና ወይም ከብት ሲመጣ መሃል ያሉት ወፍራሟ "ጊዮርጊስ" ይላሉ፤ ፍሬን ይይዛል። ድምፃቸው ከፍ ያለ እንደሆነ ብዙ ይመልሳል፣ ዝቅ ያለ እንደሆነ ጥቂት። አቀማመጣቸው እንዳይዛነፍ የሚጠነቀቀው ለዚህ ነው። ያን ወር ቀጭኗ ቦታ ተሳስተው ቢሄዱ ኖሮ ኪዳነ ምሕረት ራሷ ገደል ትከተው ነበር።

ሳቅሁ። ማቆም አቅቶኝ፣ ዓይኔ እስኪያነባ፣ የእህቴን ትራስ ነክሼ ሳቅሁ። አባቴም ትንሽ ሳቀ። ሥራውን አድንቄለት የሳቅሁ መስሎት ደስ ሳይለው አልቀረም። እኔ ግን ሳቄ መሃል ላይ የቮልሷ የግራ ጎን መጣብኝ፤ ከፊት መብራት እስከ ኋላ ጎማ።

"አባባ፣ አህያዋስ?"

ሳቁን አቆመ። እጁ ስልኩ ላይ ቆመ።

"ጉንፋን ይዟቸው ነበር" አለ። "የሚካኤሏን። ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር።"

"ታዲያ አህያዋ?"

"አህያ አልነበረችም፤ ግንብ ነው። እሳቸው ሲንሾካሾኩ ኖሯል፣ ሞተሩ ዋጠው።"

ግንቡ ባይኖር በዚያ በኩል ምን እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።  ብዙ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ፤ ስለ ሕግ፣ ስለ ሐኪም፣ ስለ ሰው ነፍስ። አንዱም አልመጣልኝም። እሱ ኪሱ ገባና ሽማግሌ ተልኮበት ያልሰጠውን፣ በፍርድ ያሸነፈውን ቁልፍ አውጥቶ እጄን ፈልጎ እጄ ላይ አስቀመጠው። እጄን ለማግኘት ሁለት ጊዜ ሞከረ።

"ለእህትህ አታውራ" አለኝ። "እነሱም እንዳይሰሙ። ሲጸልዩ ነው የሚመስላቸው።"

"ሲጸልዩም ነበር እኮ" አልኩት።

እህቴ ተመልሳ ስትገባ ቁልፉን እጄ ላይ አይታ ቆመች። አባቴ ልጄን ላስደስት ብዬ ነው አላት፤ በፍርድ አሸንፎ በፈቃዱ ሰጠ። እስከ ዛሬ የምታምነው ይህን ነው፤ በፍቅር ነው የተገኘው ትላለች። ከበዓሉ በኋላ ዓይንህን እናሳያለን ብለው፣ ከበዓሉ በኋላ ያለውን ከበዓሉ በኋላ አለኝ። እምቢ እንዳላለ ያዝኩለት።

የካቲት አሥራ ስድስት ጠዋት ቮልሷን እኔ ይዤ ሠፈር ደረስኩ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ መንዳት ግን የምነዳው ሰው ቤት ሠርግ ሲኖር ነው፣ ከዚያ የተረፈውን ሚኒባስና ባቡር ይጨርሱታል። ሦስቱ እናቶች ነጫቸውን ለብሰው ቆመዋል። ማንም ሳይነግራቸው በየቦታቸው ገቡ፤ ኪዳነ ምሕረት በቀኝ፣ ሚካኤል በግራ፣ ጊዮርጊስ መሃል። አባቴ ከፊት፣ ከእኔ ጎን፣ ጀሪካኑን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ተቀመጠ። ቮልሷን በጎን በኩል ሲቀመጥባት የመጀመሪያ ቀኑ ነው። የበሩን እጀታ ሲፈልግ ቆየ።

የጠበቅኩት ነገር አልሆነም። እናቶቹ አልጸለዩም። ልጅ ሲነዳ ልባቸው ዐረፈ መሰለኝ ገና ከሠፈር ሳንወጣ የአንዲት ጎረቤትን ሠርግ አነሡ፤ ወጡ፣ ስጋው፣ የሙሽራዋ አክስት። ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ወፍራሟ ሐሜቱን ትተው ተኙ። ቀጭኗም ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው አሸለቡ። በሁለቱም ጠርዝ ነጭ የለበሰ ሰው እየወጣ ነው፤ እኔ መሪውን ጨብጬ በአንደኛ ማርሽ እሄዳለሁ። ማርሹ ትክክል እንዳልሆነ አባቴ ያውቃል። ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሁለት ጊዜም ተወው። ያ ዝምታው ከቁልፉ በላይ ከበደኝ።

ከፍ ካልን በኋላ ሰዉ ሳሳ፣ መንገዱ ጠበበ፣ ገደሉም በቀኝ በኩል መጣ። ዞር ብዬ አየሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ከተማው ያለበትን አቅጣጫ ያያል፤ ምን እንደሚያይ አላውቅም፣ አረንጓዴና ግራጫ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ሌላውን ሰው ያደረሰ ሰውዬ አሁን የሚደርሰው እኔ ካደረስኩት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ሳስብ ከሚገባው በላይ አየሁት መሰለኝ። በቀኝ ጎማው ሥር ጠጠር ተንጫጫ። ከኋላ ማንም አልጮኸም፤ በቀኝ መስኮት ያሉት እንቅልፋቸውን ይዘዋል።

አባቴ ፊቱን ሳያዞር፣ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ፣ "ኪዳነ ምሕረት" አለ።

መሪውን ወደ ግራ መለስኩ።